ኳሱ የኛ፣ ጎሉ የነሱ፤ ዋሊያዎቹ በኮምፒውተር ሜዳ

በ‹ፉትቦል ማኔጀር› የኮምፒውተር ጌም አሰልጣኝ ሆኖ የሚያመሽ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ሽንፈት አለ። ቡድኑ ኳሱን ከተጋጣሚው እጥፍ ይዟል። በረኛው ለመሃል ተከላካዩ፣ መሃል ተከላካዩ ለአማካዩ፣ አማካዩ ለመስመር ተከላካዩ፣ እሱ ደግሞ መልሶ ለመሃል ተከላካዩ... ሲያንሸራሽሩት ያምራል። 80ኛው ደቂቃ ላይ ተጋጣሚው አንዲት ረጅም ኳስ ይለጋል፣ አንድ አጥቂ ይሮጣል፣ ጎል! ጨዋታው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ የሚደረደረው አኃዝ በሙሉ ተሸናፊውን ያሞግሳል። የኳስ ቁጥጥሩ፣ የቅብብሉ ብዛት፣ የማዕዘን ምቱ ሁሉ የሱ ነው። ውጤቱ ብቻ የሌላው ነው።

ይህን ሽንፈት የዋሊያዎቹ ደጋፊ ያለ ኮምፒውተርም ያውቀዋል። ለዚህም ነው ዛሬ ጌሙንና ብሔራዊ ቡድናችንን ጎን ለጎን ልናያቸው የወደድነው።

ጌሙን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት እንበል። በየከተማው የፕሌይስቴሽን ቤት ወጣቶች ተሰልፈው የሚፋለሙበት ዓይነት አይደለም። እዚያ የሚፈለገው የጣት ፍጥነት ነው። እዚህ ግን ኳስ የሚመታ የለም፤ አሰልጣኙ አሰላለፉን ያወጣል፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሚና ይሰጣል፣ ከዚያ ዳር ቆሞ ያያል። ሥራውን የጀመሩት ፖልና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉ እንግሊዛዊ ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ‹ቻምፒየንሺፕ ማኔጀር› በሚል ስም ለገበያ አቀረቡት። ኩባንያቸው ከአሳታሚው ጋር ሲለያይ ስሙ ከአሳታሚው ጋር ቀረ፤ እነሱም ከ2004 ጀምሮ ‹ፉትቦል ማኔጀር› ብለው ቀጠሉ። ዱሮ ጨዋታው የሚታየው በጽሑፍ ብቻ ነበር። “ኳሷን አገኘ... ሞከረ...” የሚል መስመር እያነበበ ልቡ የሚቆም ትውልድ ነበረ ማለት ነው። የሬዲዮ ስርጭት ለተከታተለ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እስቲ አሁን ነገሩን ከአዲስ አበባ አውጥተን ወደ ደቡብ ጎንደር እንውሰደው። በጉና ተራራ አካባቢ፣ በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖር አንድ ኳስ ወዳድ ወጣት እናስብ። ለሱ ቅርቡ ትልቅ ስታዲየም የባሕር ዳሩ ነው። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ በዚያ ሜዳ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረቱ። አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስርና ሽመልስ በቀለ አንድ አንድ አገቡ። አራት ጎል፣ አራት ሰው። ከሳምንት በኋላም ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ማለፋችን ተረጋገጠ። ታዲያ ያ ደስታ ብዙ አልቆየም። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፍን፤ ቀጥሎ ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ዘጋው። ከጋና ጋር “በሜዳችን” ልናደርገው የነበረውን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄደን ተጫወትነው። ግብጽን የረታንበት ታሪካዊ ቀንም የዋለው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ሲቋረጥ አየን። እንዲህ ባለ ጊዜ ከጓደኛ ፍላሽ ላይ የተገኘ፣ ዓመታት ያለፉት ጌም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ቀላል ነገር አይደለም። መብራት እስኪሄድ ድረስ አሰልጣኝነቱ የተጠበቀ ነው። (ጨዋታውን ቶሎ ቶሎ ‹ሴቭ› ማድረግ የሚለው ምክር እንዲህ ባለ ቦታ ከታክቲክ ምክር ሁሉ ይቀድማል።) ወጣቱ ይህን ጌም ሲከፍት ምን ይሞክራል? የብዙዎቹ የመጀመሪያ ምኞት አንድ ነው፤ ኳስ የሚይዝ፣ የሚያንሸራሽር፣ እያጠቃ የሚያሸንፍ ቡድን መሥራት።

ይህ ምኞት ከባርሴሎና ብቻ የመጣ አይደለም። እኛም አገር ሥር አለው። ኢትዮጵያ ቡና ኳስ ይዞ በመጫወት የሚታወቅ ክለብ ነው፤ ደጋፊውም ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን አጨዋወትም ይጠይቃል። በ2003 ዓ.ም. ክለቡን ለፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮንነት ያበቃው አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ነው። ውበቱ በኋላ የጎንደሩን ፋሲል ከነማ አሠልጥኗል፤ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከብም ያንኑ ከኋላ ተመሥርቶ የሚጫወት ኳስ ይዞ መጣ። በቡና ቤት ደግሞ የቀድሞው ተጫዋች ካሳዬ አራጌ ከአሜሪካ ተመልሶ ክለቡን ሲይዝ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው። በረኛው እንኳ ኳስ መጠለዝ የለበትም ባይ ነው። አንዳንድ ቀን ደጋፊው በገዛ ቡድኑ የግብ ክልል ውስጥ በሚደረገው ቅብብል ነፍሱ ልትወጣ ትደርስ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ስለጀመረ ይህን አጨዋወት በየክፍለ ሀገሩ ያለ ተመልካች በዓይኑ ለማየት በቃ።

የ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ግን ቡና ሳይሆን ፋሲል ከነማ ነበር። ቡና ሁለተኛ ወጣ። አቡበከር ናስር በዚያ አንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ፤ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ብዙዎች ያን ዓመት ሲያስታውሱ የሚያወሩት ስለ ቅብብሉ ነው። በኔ እምነት ግን ሊወራ የሚገባው ቅብብሉ ሲያልቅ ማን ይሮጥ እንደነበረ ነው። ያ ሁሉ ኳስ ማንሸራሸር ትርጉም ያገኘው መጨረሻ ላይ ከተከላካዩ ጀርባ የሚገባ፣ ገብቶም የሚጨርስ አንድ ልጅ ስለነበረ ነው። ልጁ በ2014 ዓ.ም. ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቀና፤ ሰንዳውንስም ራሱ ኳስ የሚይዝ ክለብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ። ከ2019ኙ እትም ጀምሮ ጌሙ የተዘጋጁ ስልቶች አሉት። ‹ቲኪታካ› የሚለውን ትጫናላችሁ፣ አበቃ። አጭር ቅብብል፣ ከኋላ መሥርቶ መውጣት፣ ኳሱን እስከ ግብ ክልል ውስጥ ይዞ መግባት፣ ኳስ ሲነጠቁ እዚያው ላይ ተሻምቶ መመለስ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበራል። ጀማሪው በዚህ ላይ የማጥቃት ፍላጎቱን ከሰባቱ ደረጃዎች ወደ ላይኛው ይገፋዋል። ማጥቃት እፈልጋለሁ አይደል? ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያን ደረጃ ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ሁሉም ሰው ወደ ፊት ይወጣል፣ የተከላካዩ መስመር ይገፋል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ተጋጣሚው አሥር ሰው ይዞ የግብ ክልሉ ላይ ይከመራል። የናንተ ልጆች በዚያ ጥቅጥቅ ባለ ግንብ ፊት ቆመው ኳስ ይቀባበላሉ። የሚሮጡበት ቦታ ግን የለም፤ ቦታውን ቀድመው የያዙት ራሳቸው ናቸውና።

መፍትሔው ለጆሮ የሚጎረብጥ ነው፤ ለማጥቃት ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ። የማጥቃት ደረጃውን መሃል ላይ ወይም ከመሃል አንድ ከፍ ብሎ ተዉት። በረኛው ኳሱን አጭር ይስጥ። ተጋጣሚው ኳሱን ሊነጥቅ ሲወጣ ከጀርባው ሜዳ ይከፈታል። ከኋላ መሥርቶ መጫወት ዓላማው ይኸው ነው፤ ሰውየውን ከቤቱ አባብሎ ማውጣት። ተጋጣሚው ካልወጣ ደግሞ ችግር የለም፣ ኳሱ እናንተ ጋ ነው፤ ቸኩሎ የሚሄድ የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሚና ክፍፍል ነው። ጀማሪ አሰልጣኝ ጨዋታ አቀጣጣይ ይወዳል። አንድ ከተከላካይ ፊት፣ አንድ መሃል፣ አንድ ከአጥቂ ጀርባ ይደረድራል። ጌሙ ውስጥ ጨዋታ አቀጣጣይ የሚል ሚና የተሰጠው ተጫዋች ኳስ ይስባል፤ ሌሎቹ እሱን እየፈለጉ ያቀብሉታል። ሦስት ካላችሁ ኳሱ በሦስቱ መሃል ሲዞር ይውላል። አንድ ይበቃል። እሱ ወደ ኋላ ወርዶ ኳስ ሲቀበል ሌላው አማካይ ወደ ፊት ሰብሮ ይግባ። ሐሰተኛ ዘጠኝ ቁጥር የምትጠቀሙ ከሆነ እሱ ወደ አማካዩ ሲወርድ ተከላካይ ይዞ ይወርዳል፤ ያን የተለቀቀ ቦታ የሚወርሰው ከመስመር ወደ ውስጥ የሚሮጥ አጥቂ ነው። እዚያ የሚሮጥ ሰው ሳታዘጋጁ አጥቂያችሁን ወደ ኋላ ማውረድ ማለት ግቡን ባዶ አድርጎ መሃል ሜዳውን ማጣበብ ማለት ነው። ስፋቱን ደግሞ የመስመር ተከላካዩ ይስጥ። አንደኛው ሲወጣ ሌላኛው ቢቀር ይመረጣል። ኳስ በተነጠቀ ጊዜ ከኋላ የሚጠብቁ ሦስት ተከላካዮችና ከፊታቸው አንድ ወይም ሁለት አማካዮች ካልቀሩ ያቺ የ80ኛው ደቂቃ ረጅም ኳስ መምጣቷ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጌሙ ‹26› እትም ይህን ነገር ግልጽ አድርጎታል። አሰልጣኙ ኳስ ሲይዝ የሚኖረውን አሰላለፍና ኳስ ሲያጣ የሚኖረውን ለየብቻ ይሥላል። አንድ ወረቀት ላይ 4-3-3 ብሎ ጽፎ መገላገል ቀረ። የዱሮውን እትም የያዘ ሰውም ቢሆን ይህንኑ በሚናዎቹ በኩል መሥራት ይችላል፤ ማሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ኳስ የያዘ ሁሉ አያሸንፍም የሚለው ነገር የጌም ጉድለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫን የወሰደችው ስፔን በሰባት ጨዋታ ያገባችው 8 ጎል ብቻ ነበር፤ ግን እየመረጠች ታገባ ነበር። ያችው ስፔን በ2018 ሩሲያ ላይ ከ1,000 በላይ ቅብብል አድርጋ በፍጹም ቅጣት ምት ወደቀች። በ2022 ኳታር ላይ ታሪኩ ተደገመ። ሞሮኮዎች ሁለት ሰዓት ሙሉ መስመራቸውን ጠብቀው ቆሙ። ስፔን አሁንም ከ1,000 በላይ ኳስ ተቀባበለች፣ ጎል አላገኘችም፤ በመለያ ምቱ አንድም ኳስ ሳታስገባ 3 ለ 0 ተሸንፋ ተሸኘች። ለአፍሪካ ትልቅ ቀን ነበር፤ ለቲኪታካ ወዳጆች የለቅሶ። የስፔን ልጆች ማቀበል ጠፍቶባቸው አይደለም። ከኳሱ ፊት የሚሮጥ ሰው ጠፍቶ ነው።

የዋሊያዎቹም ካሜሩን ላይ የሆነው ከዚህ ይቀራረባል፤ ምንም እንኳ የኛ ላይ ሌላም ዕዳ ቢጨመርበት። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኬፕቨርዴ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። በጎዶሎ ሰው ለሰማኒያ ደቂቃ ገደማ ተጫውቶ 1 ለ 0 መሸነፍ አያሳፍርም። በካሜሩን ዳዋ ሆቴሳ ቀድሞ ቢያገባም 4 ለ 1 ተረታን። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ጌታነህ በፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ 1 ለ 1 ተለያየን። ሦስት ጨዋታ፣ ሁለት ጎል፣ አንድ ነጥብ። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የደረሰው የሰውነት ቢሻው ቡድንም በምድቡ ያገኘው አንድ ነጥብና አንድ ጎል ነበር። በሁለቱም ጊዜ ከጨዋታው በኋላ የሰማነው ሙገሳ ያው ነው፤ “ኳስ ይችላሉ”። ይህች ሙገሳ እኔን ሁልጊዜ ትጎረብጠኛለች። ለተሸናፊ የሚሰጥ ከረሜላ ትመስላለች።

ግን ደግሞ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. አለች። ሊሎንግዌ ላይ፣ መሐመድ ሳላህ ያልተሰለፈበት ቢሆንም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ የተመለሰችውን ግብጽን 2 ለ 0። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ጨረሱት። ከአራት ቀን በፊት እኮ በዚያው ከተማ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፈን ነበር። ያው አሰልጣኝ፣ ያው አጨዋወት፣ ያው ሜዳ። ‹ይህ አጨዋወት ለኛ አይሆንም፣ ረጅም ኳስ እንጫወት› የሚለው ወገን ለዚህች ቀን መልስ የለውም። ‹ኳስ መያዝ ብቻውን ይበቃል› የሚለው ደግሞ ለማላዊው ቀን መልስ የለውም። ያ ማጣሪያ አልተሳካም፤ ውበቱም በ2015 ዓ.ም. ከብሔራዊ ቡድኑ ተለያየ፤ ክርክሩ ግን በየካፌው ቀጥሏል።

ጌሙ ለዚህ ክርክር የሚሰጠው ነገር አለ፤ ሙከራን መድገም ያስችላል። እውነተኛ አሰልጣኝ የማላዊውን ጨዋታ ዳግም አያገኘውም። የመካነ ኢየሱሱ ልጅ ግን አቅማቸው ውስን የሆነ ልጆች ያሉበትን አንድ ቡድን ይዞ፣ አንድ ወቅት ሙሉ በሦስት አቀጣጣይ፣ ሌላውን ወቅት በአንድ አቀጣጣይና በሁለት ሯጭ ሊሞክር ይችላል። ተጫዋች ሲመርጥም ዓይኑ ይከፈታል። ጌሙ ችሎታን ከ1 እስከ 20 ባለ ነጥብ ይለካል። ኳስ ለሚይዝ ቡድን ማቀበል የሚለውን ነጥብ ብቻ የሚያይ ይሳሳታል። የመጀመሪያ ንክኪ፣ ውሳኔ፣ መረጋጋት፣ ከኳስ ውጭ እንቅስቃሴ የሚሉት ይበልጣሉ። ጭቃና ዝናብ ያበላሸው ሜዳ ላይ ደግሞ ቅብብሉ እንደሚሰናከል ኮምፒውተሩም ያውቃል። ክረምት ከበጋ አቀበት ቁልቁለት ላይ ኳስ የተጫወተ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል።

በዚህ የሚስቅ አይጠፋም። ጌም ያው ጌም ነው። ሆኖም ዊል ስቲል የተባለው ወጣት በልጅነቱ ይህን ጌም ይጫወት እንደነበር በይፋ የተናገረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በ30 ዓመቱ የፈረንሳዩን ሬምስ ያዘ። ፈቃዱ ስላልተሟላ ክለቡ በየጨዋታው 25,000 ዩሮ እየተቀጣ ነበር ያሠራው። ጌሙ አሰልጣኝ አደረገው ማለት አይደለም፤ ሰውየው በእውነተኛ ክለቦችም ዓመታት ሠርቷል። የሚያሳየው፣ ስለ ጨዋታ ማሰብ የሚጀመርበት በር ብዙ መሆኑን ነው። ከዞን ከተማ ራቅ ብሎ ለሚኖር፣ የአሰልጣኝነት ኮርስ በቀላሉ ለማያገኝ ወጣት አንድ በር መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ አንድ የመጨረሻ ነገር። ቡድናችሁ 1 ለ 0 ሲመራ እጃችሁ ወደ መከላከል ትሄዳለች። አትቸኩሉ። ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ኳሱን ያዙ፣ ግን ያንን አንድ ሯጭ ከፊት አታውርዱት። እሱ እዚያ እስካለ የተጋጣሚ ተከላካዮች ወደ ፊት ለመውጣት ይፈራሉ። ከመሩ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች በጌሙም በሜዳም አደገኞቹ ናቸው። ያውንዴ ላይ ዳዋ ሆቴሳ ካሜሩን ላይ ያገባው በ4ኛው ደቂቃ ነበር። ቶኮ ኤካምቢ አቻ ያደረጋቸው በ8ኛው ነው።